ለግል በረራ አንደኛ ደረጃ ሜዲካል ምን ያደርግላችኋል?

ቤተሰብ ልጠይቅ ጅማ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። ፈረንጅ አራዳ ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ዲቪ የደረሰው ልጅ ወንበር ይስብና፣ «ጋሼ፣ አሜሪካ ስገባ በረራ መማር እፈልጋለሁ። ሜዲካሉን አንደኛ ደረጃ ነው አይደል የማወጣው?» ይለኛል። ሜዲካል የሚለው የአብራሪውን የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ነው። አራተኛው ልጅ ሲጠይቀኝ ቡናዬ ቀዘቀዘ። እዚህ ልጻፈውና ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ «ሂድ አንብብ» ልበለው።

የጅማ ሰው ደረጃ ሲባል ቡና ነው የሚመጣበት። አንድ ከአምስት ይበልጣል፣ አለቀ። ሜዲካል ላይ ቁጥሩ የሚለየው ሥራውን ነው፦ አንደኛው ለአየር መንገድ ካፒቴን፣ ሁለተኛው እየበረረ ደመወዝ ለሚበላ፣ ሦስተኛው በግሉ ለሚበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱን ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ ለሚዞር ሰው ሦስተኛው ይበቃዋል። በምርመራው ቀን ዕድሜያችሁ ከ40 በታች ከሆነ 60 ወር፣ 40 ከሞላችሁ 24 ወር ያበርራችኋል። አንደኛ ደረጃ ያወጣ ሰውም ለግል በረራ ከዚህ አንዲት ቀን አይጨመርለትም። የሚጨመርለት ጣጣ ነው።

ጣጣውን እኔ ቀምሼዋለሁ። 37 ዓመቴ ነበር። ከምርመራው በፊት በኢንተርኔት የሚሞላው ቅጽ የትኛውን ደረጃ እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ፣ ከከፈልኩ አይቀር ብዬ አንደኛን ነካሁ። ለካ አንደኛ ደረጃ 35 ዓመት ላለፈው ሰው ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምት ምርመራ፣ ይጠይቃል። ሦስተኛው አይጠይቅም። ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ሽቦ ደረደሩብኝ፤ ወረቀቱ እየተጎተተ ሲወጣ ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ዝም አለ። መስመሩ አላማረውም። «ታዲያ ሦስተኛውን ስጠኛ!» አልኩት። ያየውን እንዳላየ ማድረግ አይችልም። እሱ ራሱ አልከለከለኝም፤ ውሳኔውን ኦክላሆማ ሲቲ ላለው የኤፍኤኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ የሕክምና ክፍል አሳለፈው።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ብቻ ሆነ። ይህን ላክ፣ ያንን አልላክህም፣ የላክኸው ቀን የለውም። ከአስተማሪ ጋር ያለ ሜዲካል መብረር ይቻላል፤ ብቻን፣ ሶሎ፣ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሰባት ወር ሙሉ ጎኔ ለተቀመጠ አስተማሪ በየሰዓቱ ስከፍል ከረምኩ። ያዳነኝ ተማሪ እያለሁ ጅማ የተነሣሁት አሮጌ ኢሲጂ ነው። እናቴ ከግብር ደረሰኝ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣው ኖሮ፣ እህቴ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። መስመሩ ያኔም እንደዚያው ነበር።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት፦ ቀዶ ሕክምና ወይም ከባድ ሕመም ያሳለፈ ሰው ማጠቃለያውን ከነማኅተሙና ከነቀኑ ያስጽፍ። እዚህ ሐኪሞቻችን በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፉት፣ ለትርጉም አትከፍሉም። እዚያ ሆኖ ዘመድ ካርድ ክፍል ማሰለፍ ግን ግፍ ነው።

«ቤዚክሜድ አለ፣ ያ ሁሉ አያስፈልግም» የሚላችሁ ሰው ግማሹን ነው የነገራችሁ። እውነት ነው፣ ቤዚክሜድ ሜዲካሉን የሚተካ ቀለል ያለ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየ48 ወሩ ማንኛውም ፈቃድ ያለው ሐኪም መርምሮ ይፈርምላችኋል፤ በየ24 ወሩ ደግሞ የኢንተርኔት ትምህርት አለ። ግን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 14 ቀን 2006 በኋላ የወጣ የኤፍኤኤ ሜዲካል ኖሯችሁ መሆን አለበት። አዲስ ገቢ ይህ ከየት ይመጣለታል? አንድ ጊዜ የግድ ኤፍኤኤ የሾመው ሐኪም ፊት ትቀርባላችሁ። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያውን አታሳዩ።

ስፖርት ፓይለት የሚባለው ፈቃድ ደግሞ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ያስይዛል፤ ለጤናው መንጃ ፈቃድ ይበቃዋል። ግን ሜዲካል አመልክታችሁ ከወደቃችሁ ይህም በር ይዘጋል። ምንም ያላመለከተው ጎረቤታችሁ ሲበር እናንተ ታያላችሁ። አንድ የምታውቁት ሕመም ካለ ቅጹን ከመላካችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ።

መዋሸትን አታስቡት። 17ኛው ጥያቄ መድኃኒት፣ 18ኛው የቀድሞ ሕመም፣ 19ኛው ባለፉት 3 ዓመታት ያያችሁት ሐኪም ነው። የሐሰት መልስ እስከ 250,000 ዶላርና 5 ዓመት እስር ያመጣል። ጫቱንም እዚሁ ተዉት፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን እዚያ የተከለከለ ዕፅ ነው። ለጥየቃ ስትመለሱ ለወባ ሜፍሎኩዊን ቢጽፉላችሁ እንደምትበሩ ንገሯቸውና ሌላ ይስጧችሁ።

ግሪን ካርድ ቢኖራችሁም ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት የቲኤስኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። አሻራ ነው፣ ክፍያ ነው፣ መጠበቅ ነው።

ትናንት ይህን ሁሉ ለአንዱ ልጅ አስረዳሁት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ እና ኢሲጂውን ጅማ ባነሣው ይረክሳል?» አለኝ። 22 ዓመቱ ነው።