አእምሮ ሲዝል የምንፈጽማቸው ስህተቶች

ጉልበቱ የደከመ ሰው ምን እንደሚበጀው ያውቃል፤ አረፍ ይላል። አእምሮው የዛለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝለቱን የሚያባብሰውን ነገር ያደርጋል። አይፈረድበትም፤ የሚበጀውን የሚመዝንለት ያው የዛለው አእምሮው ነው። ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች የከተማ ደመወዝተኛ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ዝለትን ከስንፍና መቁጠር ነው። «ወንበር ላይ ተቀምጠህ ውለህ ምን አደከመህ?» የሚለው ወቀሳ ከቤተሰብም ከራስም ይመጣል። የባንክ ገንዘብ ከፋይን እንመልከት። በወር መጨረሻ ቀኑን ሙሉ ብር ይቆጥራል፤ ፊርማ ያመሳክራል፤ የመታወቂያውን ፎቶ ከባለቤቱ ፊት ጋር ያስተያያል፤ ወረፋው ረዘመብኝ ብሎ የሚቆጣውን ደንበኛ በትሕትና ያስተናግዳል። ማምሻውን ሒሳቡ ካልገጠመ ጉድለቱ ከኪሱ ሊወጣ እንደሚችል ስለሚያውቅ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሐሳቡን መጣል አይችልም። ድንጋይ አልተሸከመም፤ ነገር ግን ሲጠነቀቅ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ2022 በፓሪስ ጥናታቸውን ያወጡ ተመራማሪዎች ከስድስት ሰዓት በላይ ከባድ የአእምሮ ሥራ የሠሩ ሰዎችን አንጎል መርምረው ነበር። ውሳኔንና ራስን መግዛትን በሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል፣ ቀላል ሥራ ከሠሩት ይልቅ በእነዚህ ሰዎች ላይ ግሉታሜት የተባለው ንጥረ ነገር ተከማችቶ አገኙ። ምርጫ ሲቀርብላቸውም ቆይቶ ከሚገኝ ትልቅ ጥቅም ይልቅ ወዲያው የሚገኘውን ትንሹን ወደ መምረጥ አዘነበሉ። ማታ በትንሹም በትልቁም በልጁ ላይ የሚጮኽ አባት እንግዲህ ጠባዩ ብቻ አይደለም የሚወቀሰው።

ሁለተኛው ስልክ መነካካትን እንደ ዕረፍት ማየት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ያው ገንዘብ ከፋይ መገናኛ ታክሲ ተሰልፎ ስልኩን ያወጣል። በቴሌግራም የመሥሪያ ቤቱ ቡድን ስለ ነገው ስብሰባ ይጠይቃል፤ የልጁ ትምህርት ቤት ስለ ክፍያ ያሳስባል፤ አንድ ዘመድ ታሟል፤ ዶላር ጨምሯል፤ ከዚያ አንድ አስቂኝ ቪዲዮ። እያንዳንዱ መልእክት «ልመልስ ወይስ ልተወው? እውነት ነው ወይስ ውሸት? ልጨነቅበት ወይስ ልለፈው?» የሚል ትንሽ ውሳኔ ያስከትላል። ቀኑን ሙሉ ሲወስን የዋለ ሰው በዕረፍቱም ሲወስን ያመሻል ማለት ነው። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ ያላለቀ ሥራ ትተን ወደ ሌላ ስንሻገር ከትኩረታችን ከፊሉ ከቀድሞው ሥራ ጋር ይቀራል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሥር ወሬ የሚያገላብጥ ሰው ሐሳቡን አሥር ቦታ በትኖ ቤቱ ይገባል። ሰልፉ ላይ ስልኩን ኪስ ውስጥ ትቶ መንገዱን ማየት፣ ከተቻለም አንድ ፌርማታ ያህል በእግር መሄድ፣ ማታ ደግሞ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ መተው ብዙ ያቀላል። ወሬ ቢያመልጠኝስ ለሚል ሰው፣ አያመልጠውም፤ ጎረቤት ይነግረዋል።

ቡናን መንቀፍ በዚህ አገር ወዳጅ አያፈራም፤ እኔም አልነቅፈውም። ስህተቱ ድካምን ያጠፋል ብሎ ማመኑ ላይ ነው። ካፌይን የሚያደርገው አዴኖሲን የተባለው የድካም መልእክተኛ እንዳይሰማ መጋረድ ነው፤ ድካሙ እዚያው ይቆያል። ካፌይኑ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። እንደ ሰዉ ቢለያይም ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና በደም ውስጥ አለ። የሚገርመው፣ በቡና ሥርዓታችን ውስጥ አእምሮን የሚያሳርፈው ከሲኒው ይልቅ ጊዜው ነው፤ ተቀምጦ ከአቦል እስከ በረካ መጠበቁ፣ ዓላማ የሌለው ጨዋታው። ቆሞ ማኪያቶ ጨልጦ የሚሮጥ ሰው ካፌይኑን ወስዶ ዕረፍቱን ትቶ ይሄዳል። በጫት ስለሚገፋ ሥራ ብዙ አልልም፤ ያስነቃው ሌሊት በማግሥቱ ዕዳውን ያስከፍላል።

ሌላው ዕረፍትን ማጠራቀም ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ በፈቃድ ምትክ ገንዘብ መክፈልም በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። ሕግ አውጪው ዕረፍት እንዳይሸጥ አስቦበታል። እኛ ግን ፈቃድ የምንወጣው ቤት ለማሠራት፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ ለመከታተል፣ ሰርግ ለመደገስ ነው። ከፈቃድ የተመለሰ ሰው «ደክሞኛል» ሲል የምንስቀውም ለዚህ ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ የማይታይ ሥራ አለ። ውኃ የሚመጣው በየትኛው ሌሊት እንደሆነ፣ ዘይቱ ስንት ቀን እንደሚያቆይ፣ የልጁ ክትባት መቼ እንደሆነ አንድ ሰው ያስታውሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ባል «ምን ልርዳሽ? ብቻ ንገሪኝ» ይላል፤ ቅን ነው። ነገር ግን ማስታወሱና ማዘዙ እርሷ ላይ እንደቀረ ነው፤ አእምሮን የሚያዝለውም በርሜል መሙላቱ ሳይሆን በርሜሉን ማስታወሱ ነው። ይህን ስህተት ለማረም ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ማስረከብ ያስፈልጋል። ውኃ የእርሱ ከሆነ ሌሊቱን የሚያስታውሰውም፣ የሚነሣውም፣ ሳይቀዳ ከቀረ የሚጨነቀውም እርሱ ይሁን። እርሷም «ቀዳህ ወይ?» ብላ ላለመጠየቅ መታገሥ አለባት። ይህ የመጨረሻው፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉም ይከብዳል።

አንዳንዱ ሲዝል ሰው ይሸሻል። ግብዣውንም፣ ማኅበሩንም፣ ልቅሶውንም በአንድ ላይ ይተዋል። የሚያደክመው ግን ብዙውን ጊዜ ኃላፊነቱ እንጂ ሰዉ አይደለም። የዕድር ጸሐፊነቱን ያስረክብ፤ ልቅሶ ቤት ሄዶ መቀመጡን አይተው።

ጥፋቱን ሁሉ በራስ ላይ መጫንም ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣውን መዛል የገለጸው በሦስት ምልክቶች ነው፦ አቅም ማጣት፣ ለሥራው ልብ መሻከር፣ ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። መንስኤው ደግሞ በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ የሥራ ቦታ ጫና ነው ብሏል። የሁለት ሰው ሥራ ለተጫነበት ሠራተኛ «በጥልቀት ተንፍስ» ብሎ መምከር ፌዝ ነው። የያዛቸውን ሥራዎች በወረቀት ዘርዝሮ አለቃውን «የትኛው ይቆይ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የመጨረሻው ሐኪም ቤት መሄድን ማዘግየት ነው። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ስኳርና የድባቴ ሕመም ሁሉ ድካም መስለው ይመጣሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በቀላል የደም ምርመራ ይለያሉ። በቂ ተኝቶ ድካሙ ካልለቀቀው፣ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው ሰው ይመርመር። ለሐኪሙም «ይደክመኛል» ብቻ ብሎ ከመመለስ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እንቅልፉንና የምግብ ፍላጎቱን ይንገር። የአእምሮ ሕክምና ሲባል የብዙዎች ሐሳብ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ይሄዳል፤ አገልግሎቱ ግን በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል። ሞትን የሚመኝ ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ዕለት፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር መሄድ ያስፈልጋል።