ባሕር ሳይወርዱ ሪፍ ማንበብ፦ ዓሣውን የጨረሰው መረብ ነው ወይስ የኮራሉ መሞት?

አዲስ አበባ ባሕር የላትም። ኢንተርኔት ግን አላት፤ ካልተቆራረጠ። ጠላቂዎች ከቀይ ባሕር፣ ከማልዲቭስና ከአውስትራሊያ የቀረጿቸው ቪዲዮዎች ሞልተዋል። አራት ኪሎ አንዱ ካፌ ቁጭ ብላችሁ፣ ማኪያቶ አዛችሁ፣ አንድ የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጽም ተከማችቶ የሠራው፣ ዓሣ የሚኖርበት የባሕር ውስጥ ዓለት) ምን እንደደረሰበት በደንብ መገመት ትችላላችሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ያዙ።

«ዓሣው ቀንሷል» ማለት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ማጥመድም ዓሣ ይቀንሳል፣ የኮራል መሞትም ይቀንሳል። የሚወስዱት ዓሣ ግን ይለያያል። አጥማጅ ትልቁን ያስቀድማል። የኮራል መሞት ደግሞ ያለ ኮራል መኖር የማይችለውን ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ስንት ጎደለ ከማለት በፊት ማን ጎደለ በሉ።

1. ቪዲዮ ምረጡ

ካሜራው ቀስ ብሎ በቀጥታ የሚሄድበት፣ ያልተቆራረጠ ይሁን። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ 50 ሜትር ሜትሮ ዘርግተው በ5 ሜትር ስፋት ውስጥ ያለውን ይቆጥራሉ። እኛ ሜትሮው ስለሌለን ደቂቃ እንጠቀማለን፤ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ እኩል 5 ደቂቃ። ጠላቂው ዓሣ እየመገበ ከሆነ ቪዲዮውን እለፉት። ዳታ ከከበዳችሁ በሌሊት ፓኬጅ አውርዱት።

2. ከዓሣው በፊት ኮራሉን እዩ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ዓይን ወደሚንቀሳቀሰው ይሮጣላ። በየ10 ሰከንዱ አቁሙና ከስክሪኑ መሃል ያለውን ጻፉ፦ ሕያው ኮራል፣ የነጣ ኮራል፣ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል፣ ሣር ወይም ሽበት የሚመስል) የወረሰው፣ ፍርስራሽ፣ አሸዋ። 30 ነጥብ ይወጣችኋል። 12ቱ ሕያው ኮራል ከሆኑ 40 በመቶ ማለት ነው።

የነጣ ኮራል ገና አልሞተም። ሰውነቱ ውስጥ የሚመግቡት ጥቃቅን አልጌዎች አሉ። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ያስወጣቸዋል፤ ሙቀቱ ከቆየ በረሃብ ይሞታል።

ጉድጓዱንና ቅርንጫፉንም ልብ በሉ። ኮራል ሞቶም አጽሙ እስከቆመ ድረስ መደበቂያ ይሆናል። በሲሸልስ ውስጠኛ ደሴቶች በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የደረሰው ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ኮራል ገደለ። የብዙ ዓሦች ጉዳት ግን የታየው ዓመታት ቆይቶ፣ አጽሙ ሲፈራርስ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዓሣ የተሞላ ሪፍ ደህና ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

3. ዓሣውን በአመጋገቡ ለዩ

የእያንዳንዱን ስም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። አራት ዓምድ ይበቃል። አንደኛው አዳኞቹ፣ ግሩፐርና ስናፐር። ሁለተኛው ቢራቢሮ ዓሣ፤ ጠፍጣፋ፣ ደማቅ፣ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚዋኝ። ከእነሱ መካከል በሹል አፋቸው ሕያው ኮራል እየለቀሙ ብቻ የሚኖሩ ዝርያዎች አሉ፤ ኮራሉ ሲሞት ቀድመው የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። ሦስተኛው ፓሮት ፊሽ። ይህን ለማግኘት ድምፁን ክፈቱት፤ ድንጋይ ሲግጥ ቅርጭ ቅርጭ ሲል ይሰማል፣ አፉ ያለፈበትም ላይ ነጭ ጭረት ይቀራል። አልጌውን የሚያጸዳው እሱ ነው። አራተኛው ሌላው ሁሉ።

4. መጠኑን ገምቱ

ፒያሳ አካባቢ ዓሣ ቤት ገብታችሁ ሙሉ ቆሮሶ ጥብስ በልታችሁ ታውቁ ይሆናል። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ያንን ቆሮሶ መለኪያ አድርጉት፦ ከሱ ያነሰ፣ የሚያክለው፣ የሚበልጠው። ዓሣው ከጠላቂው እጅ አጠገብ ሲያልፍ ግምቱ ይቀላል።

5. ቁጥሩን አስሉ፣ ግን አትመኑት

የዝርያዎችን ስብጥር ለመለካት የተለመደው ቀመር ሻነን ይባላል። ስሙን ባታውቁም በመልኩ የሚለየውን እንደ አንድ ዝርያ ቁጠሩት። የእያንዳንዱን ዝርያ ድርሻ በራሱ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (ካልኩሌተር ላይ ln) አባዙ፣ ደምሩ፣ የመቀነስ ምልክቱን አጥፉ። 40 ዓሣ በ4 ዝርያ እኩል 10፣ 10 ከተከፈለ 1.39 ይመጣል። 37 ከአንዱ፣ አንድ አንድ ከሌሎቹ ከሆነ ወደ 0.35 ይወርዳል። ጥሩ ነው፣ ግን ቀመሩ ግሩፐርን ከጣት ከምታህል ዓሣ አይለይም። ግሩፐሮቹ በሙሉ ተጠምደው አልቀው ቁጥሩ ያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዓምዶቹ ጋር አብራችሁ አንብቡት።

6. አሁን ፍረዱ

ኮራሉ ደህና፣ ቢራቢሮዎቹ አሉ፣ አዳኞቹና ትልልቆቹ የሉም? ጥርጣሬው ወደ አጥማጅ ነው። ኮራሉ ሞቷል፣ ቢራቢሮዎቹ ጠፍተዋል፣ ትልቁ ግሩፐር ግን ዋሻው ውስጥ ነው? የመኖሪያው ጉዳት ነው።

ሁለቱም ሲደርቡ ጃማይካ ላይ የሆነው ይሆናል። አልጌ በሊ ዓሦቹ ተጠምደው ተመናምነው ነበር። በ1980 አለን የተባለው አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባበረ። በ1983 ደግሞ አልጌውን ይበላ የነበረው የባሕር ጃርት በበሽታ አለቀ። የሚበላው ያጣው አልጌ ኮራሉን ወረሰው፤ ከ50 በመቶ ገደማ የነበረው የኮራል ሽፋን ከ5 በመቶ በታች ወረደ።

ማጥመድ ሲቆም የሚመለሰው ብዙ ነው። የሜክሲኮው ካቦ ፑልሞ በ1995 ፓርክ ሆነ፤ ከ1999 እስከ 2009 ባለው ጊዜ የዓሣው ጠቅላላ ክብደት በ463 በመቶ ጨመረ። ሙቀትን ግን ክልከላ አያግደውም፤ በ2016 የታላቁ ባሪየር ሪፍ የተጠበቁ ክፍሎችም ነጥተዋል። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጎን የተቀረጸበትን ዓመትና ቦታው ማጥመድ የተከለከለበት መሆን አለመሆኑን ጻፉ።