ቾሊን ግላይሲኔት፦ ለካታሊስትነት የሚያገለግል፣ ቤዝ የሆነ አዮናዊ ፈሳሽ አዘገጃጀት

ቾሊን በአኩሪ አተር ሌሲቲን፣ ግላይሲንም በዕፅዋት ፕሮቲን ውስጥ ይገኛሉ፤ ለላብራቶሪ የሚሸጠው ቾሊን ግን በአብዛኛው በፋብሪካ የሚቀናበር ስለሆነ ውጤቱን «ከዕፅዋት የተገኘ» ብሎ ከመሰየም በፊት ምንጩን ማጣራት ይገባል። ሁለቱ ሲዋሐዱ የሚገኘው ጨው በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው፤ አዮናዊ ፈሳሽ የሚባለውም እንዲህ ያለው ጨው ነው። ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ለካታሊስትነት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን ለማፋጠን ያገለግላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ልኬቱ ነው። 46 በመቶ ተብሎ የሚሸጠው የቾሊን ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚዳከም፣ መለያውን ከማመን ይልቅ ጥቂቱን ጥንካሬው በታወቀ የሃይድሮክሎሪክ አሲድና ቀለም በሚቀይረው አመልካች በፌኖልፍታሊን ቲትሬት ማድረግ (ቀለሙ እስኪለወጥ የፈጀውን አሲድ መለካት) ያስፈልጋል። ሃይድሮክሳይዱ ከተረፈ እርሱ ራሱ ጠንካራ ቤዝ ስለሆነ የካታሊስቱን ሥራ ይሠራና ምስጋናው ያለአግባብ ለአዮናዊው ፈሳሽ ይሆናል። ስለዚህ ግላይሲኑ በሞል (በክብደት ሳይሆን በሞለኪውሎች ብዛት) 5 በመቶ ያህል ይብለጥ፤ ጥንካሬው 46 በመቶ ሆኖ ለተገኘ 10 ግራም ሙሙት 3 ግራም ግላይሲን ይበቃል።

ሙሙቱ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ግላይሲኑን በጥቂት ውሃ አሟሙተው በበረዶ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሃይድሮክሳይዱን በጠብታ እየጨመሩ ያማስሉ፣ ከዚያም ሌሊቱን በክፍል ሙቀት እየተማሰለ ይደር። ውሃው በቫኩም ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይወገድ። አቃቂና ቂሊንጦን በመሰሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ከፍታው ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ቢሆንም በምድጃ አፍልቶ ማድረቅ አይመከርም፤ ቾሊን ሲጋል ይፈርሳልና። ፈሳሹ ቡናማ ሆኖ የዓሣ ሽታ ካመጣ ቾሊኑ ፈርሶ ትራይሜቲላሚን የተባለ ጋዝ ወጥቷል ማለት ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ እርጥብ አየር ወደ ዕቃው እንዳይመለስ የፓምፑ ቫልቭ ወዲያው ይዘጋ፤ በክረምት ይህ ይበልጥ ያሳስባል። የቀረውን ፈሳሽ በንጹሕ ኤታኖል ቢያቀጥኑት ትርፉ ግላይሲን ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይለያል፤ አጥልለው ኤታኖሉን በቫኩም ካስወገዱ በኋላ በጥብቅ ይክደኑት።

ፈሳሹ በካታሊስትነት መሥራቱን ለመሞከር፣ እርስ በርስ የሚዋሐዱትን 1.06 ግራም ቤንዛልዴሃይድና 1.13 ግራም ኢቲል ሲያኖአሴቴት ከ0.18 ግራም ካታሊስት (ከተዘጋጀው ፈሳሽ) ጋር በጥቂት ኤታኖል ያዋህዱ። ያረጀ ቤንዛልዴሃይድ ቤንዞይክ አሲድ ስለሚይዝ ካታሊስቱን ያመክነዋል፤ አስቀድሞ በሶዲየም ባይካርቦኔት ሙሙት ይታጠብ። ውጤቱ በ50 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ነጭ ጠጣር ነው። ጎን ለጎን አንዱን ያለ ካታሊስት፣ ሌላውን በግላይሲን ብቻ ይሥሩ፤ ሦስቱ ካልተነጻጸሩ የካታሊስቱ ድርሻ አይታወቅም።