ቬስፓ ገዝተህ ቁልቁለት ላይ እንዳትቀር

ደሴ ውስጥ ቬስፓዬን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፤ «ዳገቱን ትችለዋለች?» ትችለዋለች። ጣጣው ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ይሄን የተማርኩት በገዛ ኪሴ ነው፤ እናንተ በነፃ ተማሩት።

በቀለሟ ተማርኮ መግዛት። አሮጌ ቬስፓ አዲስ ቀለም ስትቀባ ሙሽራ ትመስላለች። ግን እንደ ሌላው ሞተር ሳይክል ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጣሊያን ውስጥ ስትወጣ የነደፋት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበርና ላሜራዋን ራሱን ሻንሲ አደረገው። ስለዚህ ላሜራዋ ዛገ ማለት አጥንቷ ዛገ ማለት ነው። እግር ማሳረፊያው ላይ ያለውን ምንጣፍ አንሱ፤ ጎንበስ በሉና ከስር በቁልፍ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። እኔ ልገዛት የነበረችው አንዷ ላይ ቁልፉ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ነው የገባው። ሻጩ «ትንሽ ዝገት ናት፣ አብሽር» አለኝ። አብሽር የሚባልለት ዝገት አልነበረም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማስተያየትም አትርሱ።

ዘይት በግምት ማድረግ። አሮጌዎቹ ቱ ስትሮክ ናቸው፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው። አብዛኞቹ 2 በመቶ ይበቃቸዋል፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በጣም የቆዩት እስከ 5 በመቶ ይፈልጋሉ፤ የእናንተዋ የቱ እንደሆነች አጣሩ። ዘይቱም የቱ ስትሮክ ይሁን፣ መኪና ላይ የሚደረገው አይደለም። «በዛ ቢል ምን አለበት» የሚሉም አሉ፤ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ይጠቁራል፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ይደፈናል፣ ሰፈሩም በጭስ ይታጠናል። እኔ 100 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የሳል ሽሮፕ ባዶ ጠርሙስ ይዤ እዞራለሁ። ማደያ የሚሠራው ልጅ መጀመሪያ ቀን ሲያያት «ይማርህ» ብሎኛል። አዲሶቹ ባለ ፎር ስትሮክ አውቶማቲኮች ላይ ግን ቤንዚን ውስጥ ዘይት አይቀላቀልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይሄን ሁሉ ትወርዳላችሁ። እኔ በገዛኋት ሰሞን ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ የነዳጅ መስጫ እጀታውን ሙሉ በሙሉ መልሼ ዘግቼ፣ ንፋሱን እየተቀበልኩ ስወርድ ከስር ጭርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው የኋላ ጎማው ቀጥ አለ። ደንግጬ ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን ጨመቅኩት፤ ያተረፈኝም እሱ ነው። ከኋላዬ የጭነት መኪና ነበር። ጥሩንባውን እየነፋ በአጠገቤ ሲያልፍ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መካኒኩ ሽማግሌ ሞተሩን ከፍተው የተጫረውን ፒስተን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ጉሮሮዋን ዘግተህ እያስሮጥካት ጠማኝ ብትል በምን ትናገር?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጁን ስትዘጉት የሚገባው ቤንዚን በጣም ይቀንሳል፤ ዘይቱ ያለው ደግሞ ቤንዚኑ ውስጥ ነው። ጎማው ሞተሩን በፍጥነት እያዞረው ፒስተኑ በደረቁ ይመላለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዝቅ ባለ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ በየመሀሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ነዳጁን አንድ ሁለቴ ከፈት አድርጉላት። ይሄን ፈርተው በዜሮ ማርሽ የሚለቋትም አሉ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ሞተሩ ስለማይዛችሁ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ የፍሬን ሸራው ከጋለ ወዲያ ብትረግጡትም መያዙን እንጃ።

ደሴ አስተካክሎ ቆላ መውረድም አለ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራተር ላይ ያለችው የቤንዚን ቀዳዳ በጠበብ ባለች ትቀየራለች፤ ጥሩ ነው። በዚያችው ቀዳዳ ባቲ ወይም ከዚያ በታች ከወረዳችሁ ግን አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት፤ የተቆላ ቡና ከመሰለ ሰላም ነው፣ ነጣ ካለ ቤንዚን አንሷል።

ዝናብ በመታው ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የፊት ፍሬን ድንገት አትጨብጡ። ጎማዋ ትንሽ ናት፣ ስትንሸራተት አታስጠነቅቅም። ሄልሜትማ ማድረግ ያለ ነው፣ አልነዘንዛችሁም።

የመጨረሻው ጎሚስታ ቤት ነው። የቬስፓ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ነው። አንደኛው ረድፍ ብሎን ጎማውን ከሞተሯ ጋር ይይዛል፣ ሌላው ረድፍ ሁለቱን ግማሾች እርስ በርስ። አንዴ አንድ ልጅ ንፋሱ ሙሉ እንደሆነ ሁለተኛውን ረድፍ ሊፈታ መፍቻውን ሲያስገባ እጁን ለቀም አደረግኩት። የታመቀው ንፋስ ብረቱን ፊቱ ላይ ሊያፈናጥርበት ይችል ነበር። መጀመሪያ ንፋሱን አውጡ፣ ስስ ማለቱን እስኪያቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ፍቱ።