ሱብሂ ያስመለጠኝ እንቅልፍ አልነበረም

ለወራት ሱብሂን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ቀዷ ሳወጣ (ጊዜው ካለፈ በኋላ ስሰግድ) ከረምኩ። አላርም ሦስት አደረግኩ፤ ሦስቱንም ተኝቼ አጠፋቸዋለሁ። እናቴ «ልጄ፣ ኢማንህን ፈትሽ» አለችኝ።

አንድ ሌሊት ራሴን ታዘብኩ። ለካ አዛኑን ስሰማ ነቅቻለሁ! ያስቀረኝ ግቢ ውስጥ ያደረው የውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ ትጥበት) ውሃ ጀሪካን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲያድርበት ውሃው እግር ላይ ሲፈስ አጥንት ይሰብራል። እኔ እቴ፣ ብርዱን ፈርቼ ነው «እንቅልፍ» የምለው።

መፍትሔው ፔርሙዝ ሆነ። ከዒሻ (ከምሽቱ ሶላት) በኋላ ውሃ አፍልቼ እሞላዋለሁ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በጆግ ከቀዝቃዛው ጋር እቀላቅላለሁ። ብዙም አያስፈልግም፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ ሙድ ማለት ሁለት መዳፍ ተገጥሞ የሚይዘው ነው። እኔ ግማሽ ጀሪካን ነበር የምደፋው።

ስልኩንም ሳሎን ማሳደር ጀመርኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን አመለጠኝ፤ አንዱን ሰርግ ቤት አምሽቼ፣ ሌላውን ክዳኑን ሳላጠብቅ ቀርቼ ውሃው በረደ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ። እናቴ ብቻ «የቡናዬን ፔርሙዝ ወስደህ ቀረህ፣ ሌላ ግዛልኝ» እያለች ነው።