የተዘጋ ማዕድን ማውጫ ላይ ቢቨር የውሃ መውጫውን ሲዘጋ ምን ይደረጋል?

ማዕድን ማውጫ ሲዘጋ ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛውም ይበተናል። ውሃው ግን አይቆምም። ዝናቡም የሚቀልጠው በረዶም የድንጋይ ክምሩን እያጠበ ኩሬ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በቦይ፣ በቱቦና በማስተንፈሻ (ትርፍ ውሃ በሚወጣበት መውረጃ) በኩል ወደ ወንዝ መውጣት አለበት። ካናዳ ውስጥ፣ እንደ አልበርታ ባሉ ጫካ በበዛባቸው ቦታዎች፣ ይህን መውጫ ደጋግሞ የሚዘጋው ቢቨር ነው።

ቢቨር አይታችሁ ለማታውቁ፦ ከ15 እስከ 30 ኪሎ የሚመዝን፣ ጭራው ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ ብርቱካናማ እንስሳ ነው። ዛፍ በጥርሱ ቆርጦ ይጥልና በጭቃ እየመረገ ግድብ ይሠራል። ውሃ ሲፈስ ከሰማ አርፎ አይቀመጥም። ስዊድን ውስጥ በተደረገ ሙከራ የሚፈስ ውሃ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ፣ ቢቨሮች ድምፁ በሚመጣበት ቦታ ላይ እንጨት ይከምሩ ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ኩሬ ከልኩ በላይ ሲሞላ ቀልድ አይደለም። ኦክቶበር 31 ቀን 2013 አልበርታ ውስጥ፣ ኦቤድ ማውንቴን የተባለው የከሰል ማውጫ ሥራ ካቆመ አንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የኩሬው ግድብ ተደረመሰ። 670 ሚሊዮን ሊትር ቆሻሻ ውሃ በጅረቶች በኩል አታባስካ ወንዝ ገባ። ቢቨር ነው ያፈረሰው እያልኩ አይደለም። ግን የተዘጋ ቦታም ሰው ካልተከታተለው ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያሳያል።

ሥራው በእግር ይጀምራል። ውሃው ከሚነሳበት እስከ ወንዙ ድረስ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። እያንዳንዱን ቱቦና ቦይ ካርታ ላይ አስፍሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ የኩሬውን ከፍታ ከመለኪያው ሰሌዳ ላይ አንብባችሁ ጻፉ። በረዶ ሲቀልጥና በመከር ወራት ምልልሱን አብዙት፤ ቢቨር በረዶ ለሚጥልበት ወቅት የሚዘጋጀው በመከር ነው። ቱቦው አፍ ላይ ልጡ የተላጠ ነጭ እንጨት ካያችሁ፣ ጫፉ ላይ የጥርስ ቦይ ካለበት፣ ጭቃውም ገና እርጥብ ከሆነ፣ ሥራው የትናንት ማታ ነው።

ቀጥሎ ውሃውን አስመርምሩ። ሰልፈር ያለበት ድንጋይ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ደግሞ ብረታ ብረቱን ያሟሟል። በካናዳ የፌዴራል ደንብ ከብረታ ብረትና ከአልማዝ ማውጫ የሚለቀቅ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ6.0 እስከ 9.5 መሆን አለበት። አሲድ ከሆነ በኖራ ሳይታከም አይለቀቅም። ስለዚህ የታገደውን ውሃ ከመልቀቃችሁ በፊት ምን እንደያዘ እወቁ።

አሁን ወደ ግድቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤክስካቫተር አምጥቶ ግድቡን ባንድ ጊዜ ይንደዋል። ውሃው ደለሉን ጠርጎ ዓሣ ያለበት ጅረት ውስጥ ይገባል፣ ቢቨሩም በማግስቱ ሌሊት መልሶ ይሠራዋል። ልፋቱ ከንቱ፣ ጉዳቱ ግን እውነተኛ። ለማፍረስም ፈቃድ ስለሚያስፈልግ መጀመሪያ የአካባቢውን ባለሥልጣን ጠይቁ።

የሚሻለው ቢቨሩ ሳይሰማ ውሃውን ማሳለፍ ነው። 30 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በግድቡ ውስጥ አሳልፉ። መግቢያው ከግድቡ ብዙ ሜትር ርቆ፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይሁን። ዙሪያውን ቀዳዳው 15 ሳንቲሜትር በሆነ የሽቦ ፍርግርግ ክበቡት። ውሃው ከሥር በዝግታ ስለሚገባ ድምፅ የለም፤ ቢቨሩ የሚደፍነውን አያገኝም። የኩሬውን ከፍታ የሚወስነው የቱቦው ከፍተኛ ቦታ ነው፤ እሱን በጥንቃቄ ለኩ። ለመንገድ ሥር ቱቦ ደግሞ ከአፉ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ አጥር ይሠራል። አጥሩ ሲረዝም ቢቨሩ ከውሃው መግቢያ እየራቀ ስለሚሄድ መድፈኑን ይተወዋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የዝቃጭ ግድቡ፣ ማለትም ከማዕድኑ የተረፈውን ጭቃ የያዘው ግድብ፣ ዋና ማስተንፈሻ ላይ መሐንዲስ ሳያጸድቅ ፍርግርግ አታድርጉ። ማስተንፈሻው የተሠራው ለትልቅ ጎርፍ ነው፤ ጎርፍ ደግሞ ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፣ ፍርግርጉንም ይደፍናል። እዚያ ያለው መፍትሔ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ነው። ውሃ እየፈሰሰ ባለ ቱቦ ውስጥ ማንም እጁን ወይም ገላውን አያስገባ፤ የተደፈነው ድንገት ሲከፈት ሰው ይስባል። ጓንት አድርጉ፣ ውሃውንም አትጠጡ፤ ጃርዲያ ይኖረዋል።

በመውጫው ዙሪያ አስፐን የተባለውን ዛፍና አኻያ አትትከሉ። መሬቱን ለማልማት ብዙ ጊዜ የሚመረጡት እነሱ ናቸው፣ ለቢቨር ግን ምግብ ናቸው። ቢቨሩን ፈቃድ ባለው አጥማጅ ማስያዝ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ቦታው ከተመቸ ሌላ ቢቨር ይመጣበታል።

ውሃው መርዛማ ከሆነ ወፎችንም አስቡ። አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ቢዩት ከተማ ያለው የበርክሌይ የመዳብ ጉድጓድ ሥራ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በ1995 የጉድጓዱ አሲዳማ ውሃ ላይ ያረፉ 342 ዝይዎች ሞቱ፤ በ2016 ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ። ዛሬ እዚያ ወፎቹ እንዳያርፉ በተኩስ ድምፅና በልዩ ልዩ መሣሪያ ያባርሯቸዋል።

ቱቦውን በገጠማችሁ ማግስት ጠዋት ተመለሱና ሰሌዳውን አንብቡ። ከፍታው ከወረደና ፍርግርጉ ንጹሕ ከሆነ በሳምንቱ ድገሙት። ካልወረደ ግን መግቢያውን ወደ ጥልቁ አርቁት።