የወል ግጦሽ መሬትን በቀን ቀጠሮ ሳይሆን በሳሩ ልክ እንዴት ማስጋጥ ይቻላል?

በወል ግጦሽ ላይ ጠብ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ሲያጥር ነው። ስምምነቱ የመግቢያና የመውጫ ቀን ብቻ ከያዘ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት ሳሩ ሥር ሳይሰድ ይረገጣል፤ ባማረበት ዓመት ደግሞ ቆሞ ይደርቃል። ስለዚህ ከብቱ መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው ሳሩ ይሁን።

በቅድሚያ ባለከብቶቹን፣ የመሬቱን አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤትና እረኞቹን ሰብስቡ። እረኛ የሌለበት ስብሰባ ጎዶሎ ነው፤ የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚያልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ መሬቱን ቢያንስ በ4 ክፋዮች ከፍላችሁ አንዱን ለክፉ ቀን አቆዩ።

እንስሳቱን ወደ አንድ መለኪያ ለውጡ። 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ 1 ይባላል፤ የቀንድ ከብት በአማካይ 0.7፣ በግና ፍየል 0.1፣ ግመል 1 ይያዛል። አንዱ መለኪያ በቀን 6.25 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይበላል።

አስቸጋሪው ሳሩን መመዘን ነው። ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ከሽቦ ሥሩ። ቦታ በዓይን አትምረጡ፤ ዓይን ሁልጊዜ ወደ ለምለሙ ይሄዳል። በቀጥታ እየተራመዳችሁ በየ50 እርምጃው አስቀምጡና ቢያንስ 20 ቦታ እጨዱ። ከብት የማይበላውን አረምና ያምናውን ግራጫ አገዳ አውጡ። እርጥብ ሳር አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ወዲያው መመዘን ያሳስታል፤ በወረቀት ከረጢት (በፌስታል ይሻግታል) አድርጋችሁ ክብደቱ ሁለት ቀን ተከታትሎ ሳይለወጥ እስኪቆይ ድረስ አድርቁት። አማካዩን ግራም በ40 ስታባዙ በሄክታር ስንት ኪሎ እንዳለ ታገኛላችሁ።

ለከብቱ የሚቆጠረው ሲሶው ብቻ ነው። ቀሪው ለሥሩ፣ ለዘሩ፣ ለአፈሩ ሽፋንና ለሚረገጠው ነው። አማካዩ 30 ግራም ከሆነ በሄክታር 1,200 ኪሎ አለ፤ 400ውን ውሰዱ። 250 ሄክታር 100,000 ኪሎ ይሰጣል፤ 200 መለኪያ በቀን 1,250 ኪሎ ስለሚበላ ለ80 ቀን ይበቃል። ነገር ግን ገደላማውንና ከውሃ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀውን አስቀድማችሁ ካልቀነሳችሁ፣ በወረቀት 80 ቀን የተባለው ውሃው ዳር ላይ ቶሎ ያልቃል።

አሁን የመነሻ ምልክቱን ጻፉ። ለምሳሌ «ከብቱ የሚወደው ረጅም ሳር አስቀድመን በመረጥናቸው ሦስት የመለኪያ ቦታዎች ተግጦ ቁመቱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ መንጋው በ2 ቀን ውስጥ ወደ ሌላው ክፋይ ይዛወራል።» መሬት ለመሬት ለሚሳብ ሳር 5 ይበቃል። መለኪያ ቦታው ከውሃው አፍ ላይ አይሁን፤ እዚያ ሁልጊዜ ራቁት ነው። ከብት የማይደርስበትም አይሁን። አንድ ባለከብትና አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በየሳምንቱ አብረው ይለኩ፤ ቁጥሩ ከደረሰ ሌላ ስብሰባ አያስፈልግም።

ድርቅ ሲመጣ ማን ስንት ከብት እንደሚቀንስም በደህናው ጊዜ ይወሰን። ቅነሳው በመቶኛ ይሁን። ከሁሉም እኩል 3 ከብት ማስወጣት፣ 40 ላለው ትንሽ ሲሆን 5 ላለው ቤቱን ማፍረስ ነው።

አሞሌውን ከውሃ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ መንጋው ወዳልተጋጠው ይበተናል። በየዓመቱ በዚያው ወቅት ከአንድ ችካል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ችካሉን ከብት እየታከከ እንዳይጥለው ዙሪያውን በድንጋይ ካቡት።